ቀይዋ ባለ ሁለት በር መኪና

ከዲላ ይርጋጨፌ እየተመላለስኩ ስለማስተምር፣ ረከስ ያለች፣ ግን ፈጠን የምትል ያገለገለች መኪና ስፈልግ ሰነበትኩ። ደላላው እትዬ አልማዝ ግቢ ወሰደኝ። ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች ቀይ የስፖርት መኪና ቆማለች። ዋጋዋን ስሰማ እንዲህ መርከሷን ማመን አቃተኝ።

«የልጄ ናት። መጀመሪያ ንዳትና ሞክራት፤ ስትመለስ በር ላይ ክላክስ አድርግ» አሉኝ።

እስከ ከተማው መውጫ ነድቼ ተመለስኩ። ሞተሯ ያስጎመጃል። እንዳሉኝ ክላክስ ሳደርግ፣ ከቤት ውስጥ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ ተጣራ።

«ዳዊት! መጣህ ልጄ?»

ዞር ስል እትዬ አልማዝ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ያለቅሳሉ።

«ዳዊት ከሞተ ሁለት ወሩ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ። «አባቱ በጠና ስለታመመ መርዶውን አልነገርነውም። እባክህ፣ አቤት በለው።»

ወደ ቤቱ ዞሬ፣ «አቤት፣ አባዬ!» አልኩ።