ወታደር የሚደረድረው ተሳፋሪ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በምትሄደው ሚኒባስ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ከስልኩ ቀና አላለም። ጫማው በጥንቃቄ ተወልውሏል። የጃኬቱ ክንድ ላይ ግን የወታደር ምልክት የተነቀለበት ቦታ ደመቅ ብሎ ይታያል።

በስልኩ ጨዋታ ውስጥ ትንንሽ ወታደሮች ይገዛል፤ ጋሻ ያዡን ከፊት፣ ቀስተኛውን ከኋላ ያቆማል። ውጊያው ሲጀመር ጣቱን ያነሳና ዓይኑን ወደ መንገዱ ይመልሳል።

«ምነው ልጄ፣ አታግዛቸውም?» አልኩት።

«አይቻልም እማማ። የኔ ድርሻ መደርደር ነው። ከዚያ ወዲያ የሚዋጉት ራሳቸው ናቸው።»

«አንተ እያየህ ሲያልቁ?»

«ለዚህ እኮ ነው የማላየው» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ።

ያኔ መናኸሪያው ትዝ አለኝ። ቄሱን ከሾፌሩ ጎን፣ ሕፃን የታቀፈችውን ከበሩ አጠገብ፣ እኔን ደግሞ ከጎኑ እንደ መጋረጃ በመተላለፊያው በኩል፣ በትሕትና እየለመነ ያስቀመጠን እሱ ነበር። እኔማ አስተዳደጉን መርቄ ነበር።

ከፊታችን መንገዱ ላይ የተዘረጋ የኬላ ገመድ ታየ። እዚያ ኬላ ላይ ከመኪና ወርደው ያልተመለሱ ልጆች እናቶች ሰፈሬ አሉ። ሾፌሩ ፍጥነት ሲቀንስ ወጣቱ ስልኩን አጠፋና እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። 

ነጠላዬን ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት።

«ልጄ ነው እላቸዋለሁ» አልኩት በሹክሹክታ። «ስምህን ብቻ ንገረኝ።»

ነጠላውን ስቦ ምልክት የተነቀለበትን ክንዱን ሸፈነ። ስሙን ከመናገሩ በፊት በሩ ተከፈተ።