በፖፖ ውስጥ የታየ አረንጓዴ

የአንድ ሰው ዕድሜ ቢመዘን ምን ያህል ይወጣዋል? ከገባው ላይ የወጣው ተቀንሶ የቀረው ነው እንበል? ጋሽ ሚዛን ሃያ ሁለት ዓመት የኖረው በዚህ ስሌት ነው። በአንድ የእንስሳት ምግብ ቤተ ሙከራ የውሾችን ምግብ መዝኖ ይሰጣል፤ በማግስቱ ሰገራቸውን ለቅሞ ይመዝናል። ባልደረቦቹ «ሰው በላቡ ያድራል፣ ጋሽ ሚዛን በውሻ አር!» ሲሉት፣ «የእናንተን የሚመዝን ጠፍቶ ነው እንጂ!» ይላል።

በዚያ ዓመት ጥያቄው አንድ ነበር፤ የውሻ ሆድ የተሻለ የሚፈጨው ጥሬ ሥጋን ነው ወይስ ፋብሪካ አብስሎ ያደረቀውን? በሁለቱም ምግብ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ይነሰነሳል። ዱቄቱ አይጎዳም፣ አይፈጭምም፤ እንደ ገባ ይወጣል። በሰገራው ውስጥ መብዛት ማነሱ ታይቶ የተፈጨው ምግብ ይሰላል። ጥሬው በለጠ። ጋሽ ሚዛንም ቅዳሜ ዕለት፣ ያን የመሰለ ሥጋ ሲደፋ ዓይኑ አልችል ብሎ፣ ክልክል መሆኑን እያወቀ ትርፉን በፌስታል ቋጥሮ ለቤቱ ውሻ ወሰደ።

ሰኞ ጠዋት የቤተ ሙከራው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ በጥሬው ሥጋ ውስጥ ሳልሞኔላ የተባለ ጀርም ተገኝቷል። «ውሻ ሆዱ ብረት ነው» ብሎ ራሱን አጽናና። ምሳ ሰዓት ቤቱ ሲገባ አብራው የምትኖረው ልጁ ፖፖ ይዛ በር ላይ ጠበቀችው።

«አባዬ፣ እስቲ ይሄን እይልኝ። ሚጡ ምን በልታ ነው? ሰላጣ እንኳ አላቀመስኳት።»

አየ። ያንን አረንጓዴ በሺህ መካከል ይለየዋል።

የሦስት ዓመቷ የልጅ ልጁ ሶፋው ላይ ተኝታለች። ግንባሯን ቢዳስስ እሳት ነው። «ሚጡዬ፣ ከቡቺ ሳህን በላሽ እንዴ?»

«እኔና ቡቺ በላን» አለች፣ ደከም ባለ ፈገግታ።

ክሊኒክ እስኪደርሱ በሐሳቡ ሲያሰላ ሄደ። ቢናገር እንጀራው ይቆረጣል፤ ልጁም ዓይኑን አታየውም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት እንደ ክፉ ጓደኛ ጆሮው ሥር ተቀመጠ። ሐኪሙ «ምን በላች?» ሲል ልጁ ወደ አባቷ ዞረች። የሕፃኗ ከንፈር ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኗ ጎድጉዷል።

«ጥሬ ሥጋ። በሽታ የተገኘበት። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

ልጁ «አንተ?» አለች።

ስድስት ቀን ለሕፃኗ ከተሰቀለው ግሉኮስ ሥር ቁጭ ብሎ ትንፋሿን አዳመጠ። ትንፋሿ ረዘም ሲል ብድግ ይላል፤ አጠር ሲልም ብድግ ይላል። እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። የእናቱ ሞት እንኳ ሐዘን እንጂ እንዲህ ያለ ፍርሃት አልነበረም፤ ያኔ የሚፈራው ራሱን አልነበረማ። በሰባተኛው ቀን ሕፃኗ ሙዝ አምጡ ብላ ተነጫነጨች። ሊያቅፋት ተነሥቶ እጁን አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ጥናቱን የምትመራው ተመራማሪ ቢሮ ገባና ሁሉንም ነገራት። ማስጠንቀቂያ ተጻፈለት፤ ፈረመ። ጠረጴዛዋ ላይ ለኅትመት የተዘጋጀው ሠንጠረዥ ነበር፤ ጥሬው ከላይ፣ ደረቁ ከታች።

«ዶክተር፣ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩልኝ። ይህ ሥጋ በደንብ ተፈጭቷል፤ ግን በሽታ ነበረበት በሉ።»

«ጋሼ፣ ጥናታችን ስለ መፈጨት ነው። ለእሱ ቦታ የለውም።»

የቤተ ሙከራውን ኃላፊ ለመነ፤ «እሷን አነጋግር» ተባለ። ጡረታ እስኪወጣ በየዓመቱ ያንኑ አንድ መስመር ለመነ። ሠንጠረዡ ሦስት ጊዜ ታተመ፤ መስመሩን የጻፈለት የለም።