የሚሽከረከሩት ፈረሶች በር ላይ

ጭሮ ከተማ መዝናኛ ቦታ ውስጥ የድምፅ ማጉያው ሲጮህ የልጅ ልጄ ጆሮዎቿን በእጆቿ ደፍና የሚሽከረከሩት የመጫወቻ ፈረሶች በር ላይ ቁጭ አለች። «ሳልጋልብ አልሄድም» አለች።

«አባባ፣ ጸበል ይውሰዷት፤ አሰቦት ገዳም ቅርብ ነው» አለኝ የበሩ ሠራተኛ።

እኔም በእሷ ዕድሜ ሚኤሶ ላይ ባቡር ሲያፏጭ የማሽላ ጆንያዎች መሃል እደበቅ ነበር፤ አቧራው አፍንጫዬን ይሞላው ነበር። ሰዎች ሲስቁብኝ ጆንያ ተሸካሚው አያቴ «ተዉት፣ ከእናንተ አብልጦ ስለሚሰማ ነው» ይሏቸው ነበር። ያ ልጅ ያለ አስተማሪ ማንበብ ተማረ፤ ዛሬ ሰዎች ከቦኬ ወረዳ ድረስ እየመጡ ማመልከቻ ያጽፉታል።

«የታመመው ማጉያህ ነው፤ ቀንሰው» አልኩት።

«ደንበኛ ይሸሻል።»

እጆቼን በእጆቿ ላይ ደርቤ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሊጋልቡ የመጡት ልጆች ሰልፍ ከኋላችን ረዘመ፤ ማጉያውን እስኪቀንስ ብዬ አልተነሳሁም።