ወደ እሷ ያልሄደው ቀስት

ያን ቀን ቤታችን የነበርነው እነዚህ ነን፤ እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ፣ የእድራችን ዳኛ ባለቤት፣ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር የባንክ ሠራተኛ፣ እንዲሁም በሰፈራችን ጫፍ፣ ከሐይቁ ዳር እየኖረች የደንገል ቅርጫት ሠርታ የምትሸጥ ሴት። ባለቤቴ ፋብሪካ ፈረቃ ላይ ስለ ነበር አልነበረም። አምስት ሴቶች ነበርን፤ ከመካከላችን አንዷን አሳፍሬ ሰደድኋት።

የተሰበሰብነው ልጄ ለመመረቂያዋ የሠራችውን ልታሳየን ነው። ከወራት በፊት ቤት ለቤት እየዞረች አንድ ጥያቄ ትጠይቅ ነበር፤ «ሰው ቢታመም ሥራሽን ጥለሽ የምትደርሽላቸውን ሦስት ቤቶች ንገሪኝ» እያለች። መልሱን ይዛ ሰፈራችንን ኮምፒዩተር ውስጥ ሠራችው። እያንዳንዱ ቤት አንዲት ነጥብ ነው። «እደርስላታለሁ» ካለችው ሴት ቤት ወደ ተጠራችው ቤት ቀስት ይሄዳል። ከዚያ ኮምፒዩተሩ በሽታ ያመጣል። የታመመው ቤት ይቀላል፤ ጎረቤት በቀስቱ ሲደርስለት አረንጓዴ ይሆናል። ሲሙሌሽን ትለዋለች። እኔ አምስተኛ ክፍል ድረስ ብቻ ነው የተማርሁት፤ ይህን ለመረዳት ግን አልተቸገርሁም። ሰው ሳያሳምሙ፣ ሰው ለሰው እንዴት እንደሚደርስ ማየት ነው።

የትኛዋ ነጥብ የማን ቤት እንደ ሆነች ለማንም እንደማትናገር ለሁሉም ቃል ገብታ ነበር። ለእኔ ግን እናቷ ስለ ሆንሁ ቀደም ብላ ሹክ አለችኝ፤ «እማ፣ ወደ አንቺ የሚመጣው ቀስት ከሁሉም ይበዛል።» ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ምን ይለኛል እያልሁ የኖርሁ ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ እንኳ ለቅሶ አልቀርም፤ የሰው ቤት ገብቼ የምቀመጥበትን ቦታ ሳልመርጥ አልቀመጥም። እንግዲህ ሰው እንደሚወደኝ በሥዕል ተስሎ ከመጣ ተደብቆ እንዲቀር አልፈለግሁም።

የዳኛው ባለቤት መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ኮምፒዩተሩ ጎንበስ አሉና፣ «እኛ ከእነዚህ ጉንዳኖች የትኞቹ ነን?» አሉ።

«አይነገርም እትዬ፤ ቃል ገብቻለሁ» አለች ልጄ።

«ምን አለበት?» አልሁ እኔ። «እዚህ ባዳ የለም። አሳዪያቸው።»

«እማ፣ ተይ።»

«አሳዪያቸው እኮ ነው የምልሽ።»

እንግዳ ፊት መከራከሩ አሳፈራትና እሺ አለች። መጀመሪያ የእኔን አሳየች። ቀስቱ ከየአቅጣጫው ይመጣል።

«እርስዎ ቤት ሠርግ አለ እንዴ?» አለች የባንኳ ልጅ።

ሳቅን። የዳኛው ባለቤት የራሳቸውን አይተው «የእኔ ያነሰው ሰው ስለሚፈራኝ ነው» አሉ።

«ለቅሶ የቀረውን በስም እየጠሩ ሰው እንዴት አይፍራዎት» አለቻቸው ደንገል ሠሪዋ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ቀጥላ ወደ ልጄ ዞረች፤ «የኔስ? የኔ የት አለች?»

«ዳር ያለችው ናት» አለች ልጄ ቀስ ብላ።

ሌሎቹ ነጥቦች ሁሉ ቀልተው አረንጓዴ ሆነዋል። እሷ እንደ ቀላች ቀርታለች። ወደ እሷ የሚሄድ አንድም ቀስት የለም። ከእሷ የሚወጣው አንደኛው ግን ቀጥ ብሎ እኔ ጋ ይመጣል።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች ደንገል ሠሪዋ ራሷ። «ዓሣ እየበላ የሚታመም ሰው አይታችኋል?» ሁለቱ ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም።

«እማ፣ ረስተሻት ይሆናል። ከአንቺ ቀስት ልጨምርላት?»

አልረሳኋትም። ልጄ ጥያቄውን የጠየቀችኝ ቀን የዳኛው ባለቤት አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። በይሉኝታ መጀመሪያ እሳቸውን ጠራሁ፤ ቀጥዬ ሰው የሚያከብራቸውን ሁለት ቤቶች ጠራሁ። ደንገል ሠሪዋን ብጠራ «ምንሽ ናት?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።

ምኔ እንደ ሆነች ልጄ እንኳ አታውቅም ነበር። ልጄ በተወለደች በአርባ ቀኗ ተስቦ ጣለኝ፤ ጡቴም ደረቀ። ገና ክርስትና አልተነሣችም። ያን ጊዜ ባለቤቴ ሌላ አገር ለሥራ ሄዶ ነበር። ሳትጠራ የመጣችው እሷ ናት። ሙስሊም ናት። የራሷን ሕፃን በአንዱ ጡት፣ የእኔን በሌላው እያደረገች ሦስት ሳምንት አጠባቻት። ሲሻለኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ምስጋና አልነበረም። «ለማንም እንዳትነግሪብኝ፤ ሳትጠመቅ የሌላ ሃይማኖት ጡት ጠባች ይሉኛል» አልኋት። «ወተት ምን ሃይማኖት አለው፣ እህቴ?» አለችና ተወችው። ሃያ ሁለት ዓመት አልተናገረችም።

አሁን ሁሉም እኔን ያያሉ። አንድ «አዎ» ብል ይበቃ ነበር። እሷም ታየኛለች፤ ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ እየጠበቀች ነበር።

«የተጻፈው ይበቃል» አልሁ።

ሻይዋን ጨረሰች። ስትወጣ የልጄን ራስ ዳሰሰችና «ይቅናሽ» አለቻት። ለእኔ «ደኅና ዋዪ» ብቻ።

ልጄ ሥራዋን በዩኒቨርሲቲዋ ፔዳ ግቢ ስታቀርብ ሄጄ ኋላ ተቀመጥሁ። ቀስት ያልደረሰላትን ነጥብ እያሳየች፣ እንዲህ ያለ ብቸኛ ቤት በየሰፈሩ ሊኖር እንደሚችል አስረዳች። አስተማሪዎቿ አመሰገኗት። እኔ መሬት መሬት አይ ነበር። የተማሩት ሰዎች ስለ ሰው ጠባይ አንድ ነገር ያወቁ መሰላቸው፤ ያወቁት የእኔን ውሸት ነው።

ወደ ደንገል ሠሪዋ ልሄድ ስል ዝናቡን ሰበብ አደረግሁ፤ ከዚያ ጾሙን፤ ከዚያ እግሬን። በመጨረሻ ስሄድ ቤቷ ውስጥ ሌላ ሰው አገኘሁ። ደጃፉ ላይ ዓሣ የምትበልት ሴት «ሄዳለች» አለችኝ።

«ወዴት?»

«ሐሙሲት ወንድም አላት ይላሉ። እኔ እንጃ። እርስዎ ዘመዷ ነዎት?»

«ልጄን አጥብታልኛለች» አልሁ። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር፤ የተናገርሁትም ለማላውቃት ሴት ነው።

ማታውን ለልጄ ነገርኋት። «እኔ አንቺን አምኜ ነው አስተማሪዎቼ ፊት የቆምሁት» አለች። ቀጥላ ኮምፒዩተሩን ከፍታ ቀስቱን ጨመረች፤ ነጥቧ ቀልታ ብዙ ሳትቆይ አረንጓዴ ሆነች። «አየሽ? አንድ ብቻ ነበር የጎደላት» አለችኝ። ጠዋት ተነሥታ ለአስተማሪዋ ልትናገር ሄደች። ምን ብሎ እንደ መለሰላት አልነገረችኝም፤ እኔም ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ሐሙሲት በገበያ ቀን ሁለት ጊዜ ሄጄ ፈለግሁ፤ አላገኘኋትም። ዕድሜዋ ከእኔ ትንሽ ከፍ ይላል። ረጅም ናት፤ ስትራመድ በግራ እግሯ በጥቂቱ ታነክሳለች፤ የደንገል ቅርጫት ትሠራለች። የት እንዳለች፣ ደኅና መሆኗንም የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።