ለማሲንቆው ግጥም የሰጠሁ ቀን

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ለማስተማር ወደ አሰላ በተመለስኩበት ዓመት፣ በገበያ ቀን ከጭላሎ ግርጌ እየወረዱ ማሲንቆ የሚመቱት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንጉርጉሯቸውን የሰማሁት ከአጥራችን ውስጥ ሆኜ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ሴት ልጅ አዝማሪ ከቦ ከሚያዳምጥ ሰው መሀል አትቆምም ነበር። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄደው ኦፕራሲዮን እንዲሆኑ አዘዛቸው፤ ቢድኑም ድምፃቸው መመለሱን እንደሚጠራጠር አልደበቃቸውም። እናቴ ይህን የነገረችኝ እንደ ማንኛውም የሰፈር ወሬ ነው። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ግጥማቸውን የጻፈ የለም፤ ዜማቸውን የተማረ ልጅም አልነበራቸውም።

ትምህርት ቤታችን ለእንግሊዝኛ ትምህርት የምንጠቀምበት ቴፕ ነበረው። የሽማግሌውን ዘፈን ልቀዳበት ብዬ እሱን ለመዋስ እስከ ዳይሬክተሩ በር እየሄድኩ ሳላንኳኳ እመለስ ነበር። በመጨረሻ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ በችኮላ ጠየቅኳቸው፤ ሰኞ ጠዋት እንድመልሰው አስጠንቅቀው ፈቀዱልኝ። ያለኝ ባዶ የቴፕ ክር አንድ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው የሚሄዱት ሰኞ ስለነበር እሁድ ከሰዓት በኋላ አስጠርቻቸው ቤታችን መጡ። እናቴ አዝማሪ ሳሎን መግባቱን ጎረቤት እንዳያይ ብላ መስኮቱን ዘጋች፤ ሻዩን ስታቀርብላቸው ግን ለጉሮሯቸው ማር ጨምራበት ነበር። ማሲንቆውን ቃኙ፤ ደጋኑን አንድ ሁለቴ ሳቡት። ቴፑን ከፈትኩት፤ ክሩ መዞር ጀመረ። እሳቸው ግን ደጋኑን አሳርፈው ያዩኛል።

«ማን ነው የሚሰጠኝ?» አሉ።

ይህን አላሰብኩበትም። አዝማሪ ግጥም ይቀበላል። ከአድማጮቹ አንዱ «ተቀበል» ብሎ ሁለት መስመር ይወረውርለታል፤ እሱም ያንኑ በዜማ ይመልስና የራሱን እየጨመረበት ይሄዳል። ከአጥር ውስጥ ሆኜ ሳዳምጥ የሰጪዎቹን ድምፅ ከገበያው ጫጫታ ነበር የቆጠርኩት።

የሚያውቁትን እንዲዘፍኑ ለመንኳቸው። ሞከሩ። ማሲንቆው ሄደ፣ ቃል ግን አልመጣም፤ የመጣው ሳል ነው። «ለግድግዳ አይዘፈንም፣ የኔ ልጅ» አሉ። እናቴን ባያት ወደ ጓዳ ገባች። ክሩ እየዞረ ያልቃል፤ እኔ ደግሞ ከድንጋጤ የተነሳ ላቆመው እንደምችል እንኳ ረስቻለሁ። ክፍል ውስጥ ስም ስጠራ ከኋላ የተቀመጡ ተማሪዎች «አልተሰማም» የሚሉኝ ሰው ነኝ።

«ይቀበሉ» አልኩ።

ዕድሜ ልካቸውን «ተቀበል» ሲባሉ የኖሩት ሰው ሳቁ። እኔም በጭንቀት፣ ሙዚቃ የሕዝብ ቅርስ በመሆኑ ሊጠበቅ ይገባዋል የሚል ነገር አልኩ።

«ይኼ ግጥም ነው ማመልከቻ?» አሉኝ። እናቴ ጓዳ ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት።

ዓይኔን ከሚዞረው ክር ላይ ሳላነሳ የመጣልኝን ተናገርኩ፦

«ነገ ሲነጋማ ይሄዳሉ አሉኝ፣
ካጥር ሥር ሰሚዋን ለማን ነው የሚተዉኝ።»

ከዚያ ደጋኑ ቀስ ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ የእኔን ሁለት መስመር በዜማ አነሷቸው። በእሳቸው አፍ የእኔ አይመስሉም ነበር። ከዚያ ወደ ራሳቸው ተሻገሩ፦ ወደ ሞተችው ሚስታቸው፣ ወደ አቦምሳ ቆላ ሙቀት፣ ጭራዋ ለማሲንቆው ጅማት ወደሆነላቸው ፈረስ። አማርኛው ሲያጥራቸው በኦሮምኛ ቀጠሉ። በቆሙ ቁጥር ቀና ብለው ያዩኛል፤ እኔም እሰጣለሁ። ሳል ሲጀምራቸው ይሄ የመጨረሻው ነው እያልኩ እጄን እጨምቃለሁ። በዚህ ሁኔታ ክሩ አልቆ ጫፉ ተፈታና ጠፍ ጠፍ ማለት ጀመረ።

ከአዲስ አበባ በሕይወት ተመለሱ፤ ድምፃቸው ግን ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ። እሳቸው አዲስ አበባ ሳሉ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ክሩን አዳምጦ፣ የሴቲቱ ድምፅ ስለሚንቀጠቀጥ ዘፈኑን ያበላሻል፣ ልቁረጥልሽ ብሎኝ ነበር። ሴቲቱ ማን እንደሆነች አልነገርኩትም። ሐሳቡ ግን ደስ አሰኝቶኝ ነበር። ሽማግሌው ሊሰሙት ቤታችን በመጡ ጊዜ፣ ቴፑን ደግሜ ተውሼ ከፈትኩላቸውና፣ እሺ ይሉኛል ብዬ ድምፄ ይቆረጥ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

እስኪያልቅ አዳመጡ። ከዚያ እንዲሰማኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አንቺን ከቆረጥሽ እኔ ለማን ነው የምመልሰው?»

አልቆረጥኩትም። ሰው ሊሰማው ሲፈልግ አሰማለሁ፤ ግን ያቺ «ይቀበሉ» የምትል ድምፅ እስክታልፍ ድረስ ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነው።