ደርቋል የተባለው ሐይቅ

አክስቴን አገሩ ሁሉ «ካፒቴኗ» ይላታል። መርከብ ያላት እንዳይመስላችሁ! ያላት አንዲት የእንጨት ጀልባ ናት፤ እሷም በየዓመቱ ሬንጅ ካልተቀባች ውሃ ታስገባለች። ባሏ የሞተ ሰሞን «ደግሞ ሴት ትቀዝፋለች እንዴ?» ያሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። «የፈለገ ይሳፈር፣ ያልፈለገ ይዋኝ» አለቻቸው። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሦስቱን መንደር የምታገናኘው እሷ ናት። እነዚያው ሽማግሌዎችም ለልቅሶውም ለገበያውም በእሷ ጀልባ ነው የሚሻገሩት።

በቀደም የመሬት ቢሮው ወረቀት ለጠፈ። ሐይቃችን «በበጋ የሚደርቅ ረግረግ» ነው አሉ፤ ስለዚህ ውሃው በቦይ ይለቀቅና መሬቱ ለእርሻ ድርጅት ይሰጣል። ወይ ጉድ! ለካ የቢሮው ቀያሽ ውሃው በሚሸሽበት ዳር ቆሞ፣ ጭቃውን አይቶ፣ ጽፎ ሄዷል። ጫማው እንዳይበላሽበት አንድ እርምጃ አልጨመረም። እኔ በንዴት ጦፍኩ። አክስቴ ግን በጋው ሳያልቅ ቀያሹ ችካል ሊተክል ሲመለስ ጠብቃ፣ «ና ልጄ ላሻግርህ፤ በእግር ከዞርክ ቀኑ ያልቅብሃል» አለችው። እኔም አብሬ ገባሁ፤ ይህ ሊያመልጠኝ ነው?

መሀል ስንደርስ መቅዘፊያውን አንስታ ጭኗ ላይ አጋደመችው።

«በል ውረድ።»

«የት ነው የምወርደው እማማ?»

«ረግረጉ ላይ ነዋ! በጋ አይደል? ሂድና ችካልህን ትከል።»

«ይቀልዳሉ እንዴ?»

«የቀለድከውስ አንተ! ልጆቼን ያሳደግኩበትን ውሃ የለም ያልከው።»

ሰውየው የጀልባዋን ጠርዝ ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። ለካ ዋና አይችልም። እሱ ተራ ሠራተኛ መሆኑን፣ የፈረመው አለቃው መሆኑን ለፈለፈ። ሲደክመው አክስቴ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ አቀበለችው። ለቀቀው፤ ገመዱ ወረደ፣ ወረደ፣ አሁንም ወረደ። ስቦ አወጣና በሜትሩ ለካው። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ደብተሩን አወጣ።

«አንብብልኝ» አለችው ሲጨርስ።

«ቋሚ ሐይቅ። ጥልቀቱ አሥራ አንድ ሜትር።»

«ስምህንም ጻፍበት።»

ጻፈ። ያኔ መቅዘፊያውን አነሳች። ዳር ልንደርስ ስንል ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ አለቃዬ አላምንም ቢልስ?» አላት።

«ይምጣ» አለች፣ ቀዘፋዋን ሳታቋርጥ። «እሱንም አሳፍረዋለሁ።»