የጎን ወንበር

ዜናው ሲደርሳት ልብስ ሰፊዋ አራት ስፒል በከንፈሯ ይዛ የአንዲት ደንበኛ እጅጌ እየለካች ነበር። ልጇ በሩ ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ አባዬ…» አለች፤ የቀረውን አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም። አባትየው ሆስፒታል ከገባ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣችና እጅጌው ላይ ሰካቻቸው። ደንበኛዋ ማልቀስ ስትጀምር፣ «አይንቀሳቀሱ፣ ይወጋዎታል» አለቻት። የመጨረሻው ስፒል ከተሰካ በኋላ ነው የተቀመጠችው።

ያኔ ብርድ ነበር። በጋው ሲገባ ሰው ሁሉ እንደየዓመቱ ከቤቱ ወጣ። ትምህርት ቤት ለሙቀቱ ወራት ተዘግቷል፤ ልጆች በውኃ ጎማ አስፋልቱን ያረጥባሉ፤ መስኮቱ ሁሉ ብርግድ ብሎ ተከፍቷል፤ ሬዲዮው ከቤት ቤት ይጠራራል። የልብስ ሰፊዋ በረንዳ ብቻ ሰው አልነበረበትም።

ድሮ እንደዚያ አልነበረም። ባሏ አናጢ ነበር። ቀጭንና ደረቅ ሰው ነው፤ አንዴ ከተመታበት የማይነቀል ስለሆነ ሰፈሩ «ሚስማር» ይለው ነበር። ገና እንደተጋቡ ከአንድ ሰው ቁም ሳጥን በተረፈ እንጨት የዳማ ሰሌዳ ሠራ። ለጠጠሩ እንጨት አልበቃ ሲለው ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚስቱን የቁልፍ ሣጥን በረበረ። ከዚያ ወዲህ የዚያ ሰሌዳ ጠጠር አሥራ ሁለት ጥቁርና አሥራ ሁለት ቡናማ የካፖርት ቁልፍ ነው። «ስንቱን ካፖርት ደረቱን ከፍተህ አስቀረህብኝ!» ትለው ነበር በየበጋው።

ሕጉንም ያወጣው እሱ ነው። በጋ ሲገባ ውድድር ይደረጋል፤ ያሸነፈ ሰሌዳውን ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ በጋውን ሙሉ ጨዋታው በእሱ በረንዳ ነው። የአሸናፊው የሙያ ምልክት በጋለ ሚስማር ከሰሌዳው ጀርባ ይተኮሳል። ሃያ ሰባት መጋዝና ሦስት ማበጠሪያ ተተኩሰዋል። መጋዙ የአናጢው፣ ማበጠሪያው የጎረቤታቸው የፀጉር አስተካካዩ ነው። ሚስማሩን የሚያግለው ሁልጊዜ አናጢው ነበር፤ ማበጠሪያዎቹን የተኮሰው ግን ጥርሱን ነክሶ ነው።

አንድ ማክሰኞ ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

«እንዴት ነዎት፣ እትዬ?»

«ደህና ነኝ። ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?»

«አይ፣ ልሄድ ነው። ያው… ውድድሩ እሁድ ነው። ከእርስዎ ቤት የሚጫወት ስለሌለ፣ ሰሌዳውን ዛሬ ልውሰደውና እኔ ጋ እናድርገው ብለን ነበር።»

«ብለን? ስንት ሆናችሁ ነው ያላችሁት?»

«እኔና… ቧንቧ ሠራተኛው።»

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀመጠች። «ከዚህ ቤት የሚጫወት አለ» አለች።

«ማን?»

«እኔ።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቁ አመለጠውና አፉን በባርኔጣው ሸፈነ። «ይቅርታ፣ እትዬ። ማለቴ… ነክተውት ያውቃሉ?»

«አላውቅም። እሁድ እዚሁ ኑ።»

እሱ ከሄደ በኋላ ልጇ ለእራት ሽንኩርት እየከተፈች ነገሩን አነሳችው። «እማዬ፣ ለምን ትደክሚያለሽ? የአባዬ ማስታወሻ ነው፣ ተዉልን ብንላቸው ማን እምቢ ይላል?»

«ማንም አይልም።»

«ታዲያስ?»

«ሕጉ ያባትሽ ነው። ሦስት ጊዜ ሲሸነፍ ሰሌዳውን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ነው ያደረሰላቸው። እሱ በሌለበት አላፈርስበትም።» ቢላውን ከልጇ እጅ ወሰደች። «በረንዳው እንዲህ ጭር ብሎ መክረሙን ደግሞ አልችለውም። ተነሽ፣ አምጪውና እንጫወት።»

ተጫወቱ። ልጅቱ ዳማ የምታውቀው ለአመል ያህል ነው፤ ግን አራት ጊዜ አሸነፈቻት። ለልብስ ሰፊዋ ሰሌዳው በውስጡ እንደተገለበጠ ልብስ ሆነባት፤ ስፌቱን ታውቀዋለች፣ የቱ ፊት የቱ ጀርባ እንደሆነ ግን ጠፋት። ረቡዕም እንደዚያው ሆነ። ሐሙስ ዕለት በንዴት ብድግ ብላ በረንዳው ጥግ ወዳለው የስፌት መኪናዋ ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ሆና ሰሌዳውን አየችው።

ለካ የምታውቀው ከዚያ ነው! በየበጋው ሙቀቱ ሲብስ መኪናዋን በረንዳ ታወጣለች፤ መኪናዋ የሚቆመው ከሰሌዳው ጎን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዱን ተጫዋች በግራዋ፣ ሌላውን በቀኟ አድርጋ ነው ያየችው። ወንበሯን ከጎን አስጠጋችና፣ «በይ ደርድሪ» አለቻት። ምድጃው ላይ የተጣደው ውኃ ሳይፈላ ልጅቱ ባዶ እጇን ቀረች።

«እማዬ፣ ምን ነካሽ?»

«ምንም። ወንበሬን አገኘሁት።»

እሁድ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ጢም አለ። የቀረበት ሰው አልነበረም፤ ሀብሃብ የያዘ በሀብሃቡ፣ መቀመጫ ዱካ የያዘ በዱካው መጣ። ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ከጎን ስታደርግ ቧንቧ ሠራተኛው፣ «ኧረ እትዬ፣ ወንበርዎ ጠሟል!» አለ።

«ሕጉ እጅ የት እንደሚሄድ እንጂ መቀመጫ የት እንደሚያርፍ አይናገርም። ካላመንክ አምጣና አንብብልኝ።»

ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ግን ቧንቧ ሠራተኛውን ሳያዘናጋው አልቀረም፣ የያዘውን ሀብሃብ እንኳ ሳይጨርስ ተሸነፈ። «ቧንቧ ፈሰሰ!» ብለው ልጆች ጮኹበት። ሌሎቹን ፀጉር አስተካካዩ ጠራርጎ ጨርሷቸው ነበር፤ መጨረሻው እሱና እሷ ሆኑ።

ፀጉር አስተካካዩ ቀልደኛ ቢሆንም ዳማ ላይ አይቀልድም። ብዙም ሳይቆይ ሦስት ቁልፍ በላባት። ልጇ ጥፍሯን ትበላለች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰሌዳውን በጎን አየችው። የሰውየው ቁልፎች ወዲህና ወዲያ እኩል ናቸው፤ አንዱ ጫፍ ላይ ያለው ሌላውም ጫፍ ላይ አለ። ልክ ተስተካክሎ እንዳለቀ ጭንቅላት።

አንድ ነገር ትዝ አላት። አንድ በጋ ባሏ ፀጉሩን ሊያሳጥር ሄዶ መላጣውን ተመለሰ። «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው፣ «ያ ሰውዬ! ግራው ረዘመ አለና ቆረጠ፣ ቀኙ ረዘመ አለና ቆረጠ፤ ተመልሶ ግራው ረዘመ አለ። ምን ላድርግ፣ ጆሮዬን ይዤ ወጣሁ» አላት። ያን ቀን እንባዋ እስኪፈስ ስቃ ነበር።

ለእሷ በሚቀርበው ጠርዝ አንድ ቁልፍ ወደፊት ገፋች፤ ያለ ጠባቂ።

«እማዬ!» አለች ልጇ።

«ይበላል» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ በላውም። «አራት። አይዘኑብኝ፣ እትዬ።»

«ብላ፣ ብላ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።»

አሁን የሰውየው አንዱ ወገን ተዛብቷል፤ አንዱ ቁልፉ ከመስመሩ ወጥቶ ሄዷል። ልብስ ሰፊዋ ሌላ ቦታ አንዲት ትንሽ እርምጃ ሄደችና ጠበቀች። ፀጉር አስተካካዩ ሰሌዳውን አየ። አንገቱን ወዲህ ዘንበል፣ ወዲያ ዘንበል አደረገ። እጁ ተነሣ፤ ሠላሳ ዓመት የለመደው እጅ ነው፣ ጌታውን አላማከረም። በወዲያኛው ጠርዝ፣ ከኋላ መስመር የቆመውን ቁልፍ ወደፊት አድርጎ ሁለቱን ወገን እኩል አደረጋቸው።

በኋላ መስመሩ ላይ በር ተከፈተ።

ልብስ ሰፊዋ አልቸኮለችም። ቡናማ ቁልፏን በሁለት ጣቷ ያዘችና አንዱን ዘለለች፣ ሁለተኛውን ዘለለች፣ ሦስተኛውን ዘልላ መጨረሻው መስመር ላይ አሳረፈቻት።

«ነግሣለች» አለች። «ይደረብላት።»

ፀጉር አስተካካዩ ከበላቸው ቁልፎች አንዱን አንስቶ ራሱ ደረበላት። ከዚያ በኋላ ያለው ጥረጋ ነበር። ንግሥቲቱ ሰሌዳውን ከጥግ ጥግ እየሄደች ለቀመችው፤ የቀረችው አንዲት ጥቁር ቁልፍ መሄጃ አጥታ ተቀረቀረች። ሰውየው ጉንጩን ነፋ፣ አስተነፈሰ።

«ማን አስተማረዎት?»

«ማንም። ጎናችሁ ነበርኩ።»

«እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚሰፉ መስሎኝ!»

«እሰፋም ነበር።»

ጩኸቱ ያን ጊዜ ፈነዳ። ልጇ ዘልላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ቧንቧ ሠራተኛው የልጆቹን ጎማ ቀምቶ በረንዳ ላይ ያለውን ሁሉ ውኃ አለበሰው፤ አንዲት ጎረቤት፣ «የእኛም ሰውዬ ቢሆን ከዛሬ ጀምሮ ወጥ ቤት ገብቶ ይየው፣ ምን እንደምናውቅ!» ብላ ሴቶቹን አሳቀቻቸው። ፀጉር አስተካካዩ ውኃ እያንጠባጠበ ሰሌዳውን በእጅጌው አደረቀና አናጢው ያስቀምጥበት የነበረው ጠረጴዛ ላይ በሁለት እጁ አስቀመጠው። «ነገ ስንት ሰዓት እንምጣ?» አለ።

«ፀሐይ ሲበርድ። ዱካህን ይዘህ።»

መጡ። በጋውን ሙሉ መጡ። ልብስ ሰፊዋ በአንድ እጇ እየሰፋች በሌላው ተጫወተች፤ ጨዋታው ስቧት ሦስት ካፖርትም ያለ ቁልፍ ቀረ።

ያን እሁድ ሰው ከመበተኑ በፊት ፀጉር አስተካካዩ ሰሌዳውን ገልብጦ፣ «ምልክቱስ? መርፌ ይሁን?» ብሏት ነበር። መርፌ ይሁን አለች። ከባሏ የመሣሪያ ሣጥን ሚስማሩን አወጣች። እጅ እንዳያቃጥል ድሮ በጨርቅ የጠቀለለችለት ራሷ ናት፤ ጨርቁ በአውራ ጣቱ ልክ ጠቁሯል። አውራ ጣቷን በዚያ ጥቁረት ላይ አሳርፋ ትንሽ ያዘችውና፣ «ሌላ ቀን» ብላ መለሰችው።

አሁን ሙቀቱ በርዷል፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ገብተዋል። ሰሌዳው ቦታው ላይ ነው። ጀርባው ላይ ሃያ ሰባት መጋዝና ሦስት ማበጠሪያ አለ። መርፌው አልተተኮሰም።